ያልተፈተሸ ማጣሪያ



ደም በመሣሪያ ሲታጠብ፣ አራት ሰዓት በሚፈጅ አንድ እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ይፈሳል። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባት አዲስ አበባ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። በአገራችን ብዙም ያልተለመደው በሆድ በኩል የሚደረገው እጥበት ግን በከረጢት የታሸገ ፈሳሽ ስለሚጠቀም፣ የካዛንቺስም ሆነ የቂርቆስ ታማሚ በቤቱ ሊያከናውነው ይችላል፤ ከእጅ መታጠቢያ በቀር ቧንቧ አይሻም።

ማጣሪያው የሆድ ዕቃን የሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። መሐንዲስ አልነደፈውም፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። ስለዚህ ይፈተሻል። ትዋርዶቭስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረቡት ዘዴ፣ 2 ሊትር ፈሳሽ ሆድ ውስጥ 4 ሰዓት ይቆይና በፈሳሹ የተገኘው ክሬአቲኒን በደም ውስጥ ላለው ይካፈላል። ውጤቱ ከ0.81 በላይ ከሆነ ሽፋኑ ፈጣን፣ ከ0.5 በታች ከሆነ ዘገምተኛ ይባላል። በፈጣኑ ሽፋን ስኳሩም ቶሎ ወደ ደም ስለሚሰርግ፣ ፈሳሹ ውሃ የመሳብ ኃይሉን ያጣል፤ አጭር ቆይታ ይስማማዋል። ዘገምተኛው ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

አደጋው ያለው ከመለኪያው ላይ ነው። ክሬአቲኒንን በቀለም የሚለካው የያፌ ዘዴ፣ የፈሳሹን ስኳር ክሬአቲኒን አስመስሎ ይቆጥራል። ስሌቱ ካልታረመ ዘገምተኛው ፈጣን ይመስላል፤ ፈሳሹ ያለጊዜው እየተቀየረበት መርዙ በደሙ ይቀራል። እርማቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ላቦራቶሪው አዲስ ከረጢት ከፍቶ ያልተነካውን ፈሳሽ ይለካል፤ ክሬአቲኒን በሌለበት የሚነበበው ቁጥር ሁሉ የስኳሩ ነው።