መርዶ ነጋሪዎች ያስተማሩኝ



ተመራቂዎች፣ ጥቂት ቆይታችሁ ቀኝ እጃችሁን አንሥታችሁ ቃለ መሐላ ትፈጽማላችሁ። ከዚያ በፊት የሥራ ዘመኔን ስላሳለፍኩበት ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር እንድናገር ጋብዛችሁኛል። ወደዚህ ትምህርት ያስገቡኝ አንዲት እናት ናቸው። ከእሳቸው ልጀምር።

ገና ወጣት ሐኪም ሳለሁ፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ እናት «ሆዴን» ብለው መጥተው እኔ በምሠራበት የውስጥ ደዌ ክፍል ተኙ። ምርመራው ሲያልቅ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ጉበታቸውን አዳርሶታል፣ ለቀዶ ሕክምናም አይሆንም። ትልቁ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ ክንዴን ያዘኝ። «ዶክተር፣ አደራዎን፣ ለእማዬ እንዳይነግሯት። ጨጓራ ነው ይበሏት። ከሰማች ከበሽታው በፊት ድንጋጤው ነው የሚገድላት» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሺ አልኩት።

ጨጓራ እየተባለ 7 ሳምንት አለፈ። እኚያ እናት ከታናሽ እህታቸው ጋር በውርስ መሬት ተጣልተው ብዙ ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። ጠዋት ጠዋት ራውንድ ስንዞር እጄን ይዘው፣ «ስድን እሄዳለሁ ልጄ። ጉልበቴ እንደጸና ሄጄ እታረቃታለሁ» ይሉኝ ነበር። «አይዞዎት እናቴ» እላቸዋለሁ። እንደማይድኑ ልጃቸው ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ነርሶቹ ያውቃሉ፣ ሊጠይቋቸው የሚመጡ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ያውቃሉ። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እህታቸውን ሳያዩ አረፉ።

ከቀብር በኋላ ልጁ የሞት ማስረጃ ሊወስድ ሲመጣ፣ አገር ቤት ያለችው አክስቱ እንዴት እንደተረዳች አጫወተኝ። ዘመዶች ማታ መንደሯ ደርሰው ነበር፤ ሌሊቱን እንኳ ትተኛ ብለው ጎረቤት አደሩ። ለነፍስ አባቷ፣ ለሽማግሌዎችና ለልብ ወዳጇ አስቀድመው ነገሩ። ሊነጋጋ ሲል ተያይዘው ደጇን አንኳኩ። ወዳጇ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሽማግሌው ከሩቅ ጀምረው ቀስ እያሉ አረዷት። ወድቃ እንዳትጎዳ የሚይዛት እጅ ነበረ። ብቻዋን እንዳትሆን ለሳምንት አብሯት የሚያድር ሰው ነበረ።

ልጁ ተሰናብቶኝ ሲሄድ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ለጤነኛዋ እህት ይህ ሁሉ ሲደረግ፣ ለሕመምተኛዋ ምን አደረግንላቸው? ሕዝባችን ከወሬ ሁሉ የከበደውን ወሬ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። ሰዓቱን፣ ነጋሪውን፣ አጠገብ የሚቀመጠውን፣ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቦ ሥርዓት ሠርቶለታል። ቋንቋችን መርዶ መስማትንም ነገር ማስተዋልንም «ተረዳ» በሚል አንድ ቃል ይጠራቸዋል። ታዲያ ይህ ጥበብ ከሆስፒታል በር ለምን ይመለሳል? ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩትም፣ ያስተማርኩትም፣ የጻፍኩትም ይህን ጥያቄ ተከትዬ ነው።

ጥያቄውን ሳነሣ ብዙ ባልደረቦቼ፣ «እቅጩን ለታማሚ መንገር የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ባህል አይደለም» ይሉኝ ነበር። መዛግብቱን ሳገላብጥ ግን ፈረንጁም ትናንት እንደኛ እንደነበር አየሁ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የውጭ ጥናቶች ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1961 ቺካጎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች ሲጠየቁ፣ ከመቶ 90 ያህሉ ካንሰር ለያዘው ሰው ሕመሙን ላለመንገር እንደሚመርጡ ተናግረዋል። ተስፋ ይቆርጣል ብለው ፈርተው ነው፤ የዚያ ልጅም ፍርሃት ይኸው ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ከመቶ 97ቱ እንነግራለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ ሕክምናው ተሻሽሏል፤ ታማሚዎችም መብታችን ነው ማለት ጀምረዋል።

በእነዚያው ዓመታት ደግሞ አንድ ትልቅ በደል ተገልጧል። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ በቱስኬጊ አካባቢ፣ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ከ1932 ጀምሮ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ሕመማቸውን ሳይነግራቸው ሲከታተል ኖሯል። «መጥፎ ደም አለባችሁ» ይባሉ ነበር። ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። ጥናቱ የቆመው በ1972 ጉዳዩ በጋዜጣ ሲወጣ ነው፤ 40 ዓመት ሙሉ። የዚያ ልጅ ዝምታ ከፍቅር የመጣ ነው፣ የእነዚያ ግን ከንቀት፤ ሁለቱን ፈጽሞ አላስተካክልም። ሆኖም «መጥፎ ደም» የተባለውም ሰው፣ «ጨጓራ» የተባሉትም እናት፣ ስለገዛ ሕይወታቸው የሚወስኑበት ነገር ከእጃቸው ተወስዷል። በፍቅር የተወሰደም ቢሆን ተወስዷል።

ባህላችንን ግን እንዲያው የሚታለፍ ነገር አላደርገውም። አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሐኪም ክፉ ዜናን ፊት ለፊት ሲነግራቸው ምን ያህል እንደሚከብዳቸው አስረድተዋል፤ ዜናው አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እንዲደርስ ይጠብቃሉና። ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎቼ ሁሉ አስነብባለሁ። እኔ ያነበብኩበት ትልቁ ቁም ነገር፣ ወገኖቻችንን የሚጎዳቸው እውነቱ ያለ ዘመድ፣ ያለ ጊዜ፣ ያለ ማዘጋጀት ሲጣልባቸው መሆኑ ነው።

ባህልን ማወቅም ብቻውን አይበቃም። በ1995 የታተመ አንድ የሎስ አንጀለስ ጥናት 800 አረጋውያንን ጠይቋል። የተሠራጨ ካንሰር የያዘው ሰው ሊነገረው ይገባል ያሉት ከነጮቹ መካከል ከመቶ 87፣ ከጥቁር አሜሪካውያኑ 88፣ ከኮሪያውያኑ 47 ነበሩ። ብዙ ሰው 47ን አይቶ «ኮሪያውያን እንዲነገር አይፈልጉም» ይላል። እኔ ስለ 47ቱ አስባለሁ። «የእነሱ ባህል ነው» ብሎ ዝም የሚል ሐኪም ቢገጥማቸው፣ ከመቶ 47ቱ ሰዎች የሚፈልጉትን አያገኙም። የሰውን የትውልድ ሐረግ አይታችሁ የልቡን ልታውቁ አትችሉም። የምታውቁት ጠይቃችሁ ነው።

ሕጋችንም ከዚህ ጋር ይስማማል። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20፣ ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እንቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕመሙ ያልተነገረው ሰው ምኑን ተቀብሎ ምኑን እንቢ ይላል?

ከዘርፉ ሥራዎች በጣም የምኮራበት አንዱ ከአገራችን የወጣ ነው። በወላይታ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ በሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ በተባለው የእግር እብጠት ላይ የዘር ጥናት ሊደረግ ታሰበ። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ ደም ለመውሰድ ፈቃድ ከመጠየቅ በፊት፣ ፈቃዱ እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል ሕዝቡን ራሱን ጠየቁ። «በዘር ይተላለፋል» የሚለው ወሬ ቀድሞውንም የሚገለሉ ቤተሰቦችን ይበልጥ እንዳያስገልል ሥጋት መኖሩን ሰሙ፤ የፈቃድ አጠያየቁም በሰሙት መሠረት ተቃኘ። ራስን በራስ የመወሰን መብት፣ መልካም ማድረግ፣ አለመጉዳት፣ ፍትሕ፤ እነዚህን አራት የሕክምና ሥነ ምግባር መርሆች ለፈተና አጥንታችኋል። ወላይታ ላይ ወደ መሬት ሲወርዱ ታያላችሁ።

ተመራቂዎች፣ ነገ ኮሪደር ላይ ክንዳችሁ ይያዛል። ያን ልጅ እንደ ጠላት አትዩት። በሬ ሸጦ፣ ከዕቁብ ተበድሮ፣ ወንበር ላይ እያደረ የሚያስታምም እሱ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከኮሪደሩ በፊት ጀምሩት። ታማሚው በተኛ ቀን፣ ገና ውጤት ሳይመጣ፣ «ውጤቱ ሲመጣ ለማን እንድንነግር ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ነው፣ ከልጅዎ ጋር ነው፣ ወይስ ለልጅዎ ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ካሏችሁ አክብሩላቸው፤ ውሳኔው የእሳቸው ነው። ልጁ ቀድሞ ከያዛችሁም፣ «እናትህ ለነገ ያሉት ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን ጥያቄ ሰምቶ ሐሳቡን የለወጠ ልጅ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መናገር ግድ ሲሆን ደግሞ ከመርዶ ነጋሪዎች ተማሩ። ወደ ማታ አትንገሩ። ቆማችሁ አትንገሩ፤ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። የሚወዱት ሰው አጠገባቸው ይኑር። ከሩቅ ጀምሩ፣ በሚሰሙት ልክ ተራመዱ። በማግሥቱም ተመለሱ። ነግሮ የሚሮጥ መርዶ ነጋሪ የለም።

ከመካከላችሁ ሕይወቱን ለዚህ ትምህርት መስጠት የሚፈልግ ካለ ሥራው ብዙ ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የፈቃድ ቅጽን በገበሬው አነጋገር የሚመረምር ሰው ይፈልጋሉ። መርዶአችን፣ ዕድራችን፣ ሽምግልናችን ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ምን እንደሚያስተምሩን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሌላ አገር ያለ ምሁር አይጽፍልንም።

እነዚያን ጠዋቶች ዛሬም አስባቸዋለሁ። እኚያ እናት እጄን ይዘው «ስድን እሄዳለሁ» ሲሉኝ፣ እውነቱን ሁሉ ለመናገር ድፍረቱ ባይኖረኝ እንኳ አንድ ነገር ማለት እችል ነበር፤ «እናቴ፣ ለምን እህትዎን ዛሬ አናስጠራትም?»

እናንተ በሉት። እጃችሁ ፈዋሽ ይሁን፤ መፈወስ በማይቻልበት ቀን ደግሞ አንደበታችሁ አይዘጋ፣ እግራችሁም ከአልጋው አይራቅ። እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ መልካም የሥራ ዘመን።