ስለ ሁለቱ ባልንጀሮች፦ በቀደሙት የቀልድ ፊልሞች ውስጥ ስለሚነበብ ፍቅር

የተመደበልኝ አርእስት በቀደሙት የጥንድ ቀልደኞች ፊልሞች ውስጥ በወንድና በወንድ መካከል የሚነበበው ፍቅር ነው፤ ዕድሜዬን ቅኔ ሳስቈጥር የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ ግን ነገሩን የማየው በቅኔ ዓይን ነው።

ስታን ሎሬል እንግሊዛዊ፣ ኦሊቨር ሃርዲ የአሜሪካ የጆርጂያ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ከ1927 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ) ቀጭኑና ወፍራሙ ጥንድ ሆነው ዓለምን አሳቁ። ከሥራዎቻቸው መካከል ጆርጅ ማርሻል በ1932 ያዘጋጀውን፣ «የመጀመሪያ ስሕተታቸው» የሚሰኘውን የሃያ ደቂቃ ያህል ፊልም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በዚያ ፊልም የሃርዲ ሚስት ባሏ ከእርሷ ይልቅ ባልንጀራውን እንደሚያስበልጥ በምሬት ትናገራለች፤ ሎሬልም በቤቱ ሕፃን ቢኖር የሚስቲቱ ሐሳብ ወደ ሕፃኑ ያዘነብልና እኛ እንደ ልባችን እንወጣለን ብሎ ይመክራል፤ ሁለቱ ማደጎ ተቀብለው ደስ እያላቸው ሲመለሱ ሚስቲቱ ቤቱን ጥላ ሄዳለች፣ የፍርድ ቤት መልእክተኛም ለባልዮው የፍቺ ክስ፣ ለባልንጀራው ደግሞ የባሌን ፍቅር ነጠቀኝ የሚል ክስ ያደርሳል። ሎሬል ሊሄድ ሲነሣ ሃርዲ፣ ወደዚህ መከራ አግብተኸኝ እንዴት ትተወኛለህ በሚል ቍጣ ያስቀረዋል፤ ይህ የተከዳች ሚስት ሮሮ መሆኑን ልብ በሉ። ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ ሎሬል እንደ እናት የሌሊት ልብሱን ከደረቱ ገልጦ እጁን ይሰድዳል፤ ተመልካቹ ጡት ሊሰጥ ነው ሲል፣ በጉያው ሲያሞቀው የቈየውን ጡጦ ያወጣል።

ከፊት የተቀመጣችሁ የቅኔ ተማሪዎች፣ ሰሙ ቀልድ ወርቁ ፍቅር ነው ትሉኝ ይሆናል። አልስማማም። ሰም ወርቁን ይሸፍናል፤ እዚህ ግን የተሸፈነ ነገር የለም፤ ክሱ ተጽፏል፣ ጡጦው ወጥቷል። ይህ ኅብር ነው፤ ባልንጀርነትንና ትዳርን በአንድ ቃል ይናገራል፣ ሰሚው አንዱን መርጦ ሌላውን ቢጥል ቅኔው ይፈርሳል። በመካከላቸው ምንም የለም የሚለውም፣ ምሥጢራቸውን ደረስሁበት የሚለውም ፍቺው አልሠመረለትም።

ሳቅ ይህን ያህል መሸከም መቻሉ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ከፎገራ ናበጋ የወጡት፣ በጨዋታቸው የሚታወሱት አለቃ ገብረ ሐና፣ ከጣና ማዕበልና ከሸምበቆው ውዝዋዜ ወስደውታል የሚባለውን፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራውን አቋቋም የደረሱ ሊቅ ናቸው። መዘምራን ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሲያዘነብል ሌላው ያንኑ እንደሚመልስለት፣ ሎሬልና ሃርዲም አንዱ የሌላውን ባርኔጣ እየደፉ ሲሳሳቱ የሚያስቀን የአንዱ አካል የሌላውን አካል ማወቁ ነው። ስለዚህ ነገር ብቻ እስኪመሽ ባወራ እወድድ ነበር።

ጊዜው ግን አልቋልና የቀረውን ባጭሩ ልበል። በ1933 «ሁለት ጊዜ ሁለት» በተባለው ፊልም እያንዳንዱ የሌላውን እኅት አግብቷል፤ እኅቲቱን የሚጫወተው ወንድሟ ራሱ ስለ ሆነ የሃርዲ ሚስት የሎሬል ፊት አላት። በ1930 የወጣው የአሜሪካ የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ ከ1934 ጀምሮ ሲጠብቅ በወንድና በወንድ መካከል ያለው ፍቅር በግልጥ እንዳይነገር ተከለከለ፤ የፊልም ታሪክ ጸሐፊው ቪቶ ሩሶ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ ሲተርክ ሁለቱን አልዘነጋቸውም። በሲኒማ ራሱን ፈልጎ ያጣ ሰው፣ በእነዚህ ባልንጀሮች መካከል ያለውን ርኅራኄ የእኔም ነው ብሎ ቢያነብበው፣ በእውነት የተጻፈውን አነበበ እላለሁ። አሁን መብራቱ ይጥፋልንና ፊልሙን እንመልከት፤ ጥያቄያችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።