መረግድ ስለሚባለው አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ



ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማ በሥራ ተመድባችሁ የኖራችሁ፣ ወይም በመንገድ ያለፋችሁባት ሳትኖሩ አትቀሩም። በዚያች ከተማ በገበያ ቀን አንድ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ አረንጓዴ ድንጋይ አውጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህ መረግድ ነው፤ የተገኘውም ከዚሁ ከጮቄ ሥር ነው፤ በአንድ ወር ደመወዝዎ ይውሰዱት» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ የታሰበ ነው።

መረግድ የሚለው ስም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። በዮሐንስ ራእይ በዙፋኑ ዙሪያ የታየው ቀስተ ደመና በመረግድ ተመስሏል፤ ከአዲሲቱ ኢየሩሳሌም መሠረቶችም አራተኛው መረግድ ነው። ነጋዴዎች ዛሬ በውጭው ስሙ ኤመራልድ ይሉታል። ይሁን እንጂ ስሙን ማወቅ ድንጋዩን ማወቅ አይደለም።

መረግድ ቤሪል ከሚባለው ማዕድን ወገን ነው። ቤሪል ከቤሪሊየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክሲጅን የተሠራ ሲሆን፣ ሌላ ነገር ካልገባበት ቀለም የለውም። ጥቂት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም የገባበት እንደ ሆነ ግን ለምለም አረንጓዴ ይሆናል፤ መረግድ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ቤሪሊየምና ክሮሚየም በተፈጥሮ ተራርቀው የሚኖሩ ናቸው። ቤሪሊየም የሚከማቸው ከግራናይት ወገን በሆኑ ድንጋዮች ሲሆን፣ ክሮሚየም የሚበዛው ከምድር ጥልቅ በመጡ ጥቋቁር ድንጋዮች ውስጥ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ ጥቂት ስለ ሆነ መረግድም ብርቅ ሆነ።

እንግዲህ ወደ አማኑኤል እንመለስ። የጎጃም ደጋ የተሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ቀልጦ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የጮቄ ተራራም ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ አረንጓዴ መልክ ያላቸው ሌሎች ማዕድናት ቢገኙ አያስደንቅም፤ መረግድ ግን ከዚህ ዓይነት ድንጋይ አይወለድም። ምናልባት፣ «በወሎ በወገል ጤና ያለው የእሳተ ገሞራ አገር ኦፓልን ከሰጠ፣ የጎጃም ደጋ መረግድን ስለ ምን አይሰጥም?» የሚል ሰው ቢኖር፣ የሁለቱ ድንጋዮች አፈጣጠር ፈጽሞ የተለያየ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

የኢትዮጵያ መረግድ ያለው በደቡብ፣ በጉጂ ምድር፣ በሻኪሶ አካባቢ በሰባ ቦሩ ወረዳ ነው። በዚያ እጅግ ያረጁት የምድር ድንጋዮች ወደ ላይ ወጥተው ይታያሉ፤ ቤሪሊየም የያዙት ነጫጭ ድንጋዮችም ክሮሚየም ካላቸው ድንጋዮች ጋር ይገናኛሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ መረግድ በዓለም ገበያ ታውቆ፣ ከኮሎምቢያና ከዛምቢያ መረግድ ጎን ስሙ ይጠራ ጀመር። ንግዱ ግን ለአባቶቻችን አዲስ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኮስማስ የተባለ የግሪክ ጸሓፊ እንደ መሰከረው፣ የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነጋዴዎች መረግድን ብሌምዩ ከሚባሉት ሕዝቦች እየገዙ እስከ ህንድ ድረስ ወስደው ይሸጡ ነበር።

ሐሰተኛውን በምን እንለየዋለን? በድንጋዩ ውስጥ ድቡልቡል የአየር አረፋ ከታየ፣ ብርጭቆ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። እውነተኛው መረግድ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ስንጥቅና ጉድፍ አለበት፤ ፈረንሳውያን ይህን የድንጋዩን «አትክልት ስፍራ» ይሉታል። ስለዚህ ትልቅ ሆኖ፣ ፍጹም ጥሩ ሆኖ፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ መረግድ ሲቀርብላችሁ ተጠንቀቁ። ነገር ግን ዐይን ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ከ1930ዎቹ የአውሮፓ ዘመን ወዲህ ካሮል ቻታም የተባለ አሜሪካዊ ያሳደገውን የመሰለ፣ በሰው እጅ የሚሠራ መረግድ አለና፤ እርሱን ከተፈጥሮው የሚለየው መሣሪያ ያለው ባለሙያ ነው። ስንጥቁ እንዳይታይ በዘይት መሙላትም በንግዱ የታወቀ ልማድ ነው፤ ነውሩ ለገዢው ሳይነግሩ መሸጡ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ በፈላ ውኃ ቢታጠብ ዘይቱ ሊወጣና ስንጥቁ ሊገለጥ ይችላል።

እንግዲህ በአማኑኤል ገበያ ለቆመው ሰው በቁጣ መመለስ አያስፈልግም፤ እርሱም በቅን ልቡና መረግድ መስሎት ይሆናል። «ወንድሜ፣ ይህ ከየትኛው ድንጋይ ውስጥ ወጣ? ማንስ መረመረው?» ብላችሁ ጠይቁት። ለሁለቱ ጥያቄዎች የሚበቃ መልስ ሳይገኝ የልጆቻችሁ ቀለብ ከኪሳችሁ አይውጣ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ እንዲሉ፣ ድንጋዩ ሳይመረመር መረግድ ብሎ መሰየም ለሻጭም ለገዢም አይበጅም።