ታብሌት ለመግዛት የሚያስብ ተማሪ ምን መመዘን ይገባዋል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ እዚህ ከሚቀርቡት ታላላቅ አርእስት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም አንድ ተማሪ ታብሌት ለመግዛት በተነሣ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ካለውና መካከለኛ ዋጋ ካለው የትኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል የሚለው ጥያቄ ነው። ርእሱ ትንሽ ቢመስልም የሚወጣበት ገንዘብ ግን ትንሽ አይደለም። ከመካከላችን ለብዙዎቹ ታብሌት የሚገዛው ከአባት ደመወዝ በተረፈ ገንዘብ ሳይሆን በተሸጠ በግ፣ በተሸጠ እህል፣ ወይም ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት በላከችው ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለውን ገንዘብ በኪሱ ይዞ ወደ መርካቶ የሚወርድ ተማሪ የሻጩን ምላስ ብቻ ሰምቶ ቢመለስ ጉዳቱ ለእርሱ ብቻ አይቀርም።

«ታብሌት ምን ያደርጋል? በስልክ ማንበብ አይበቃምን?» የሚል ወዳጅ ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ዛሬ መምህሮቻችን የሚሰጡን ጽሑፍ አብዛኛው በፒዲኤፍ የሚላክ ነው፤ ከዚያም ብዙው ከመጽሐፍ ላይ ገጽ በገጽ በፎቶግራፍ የተነሣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የሚፈተነው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ከስክሪን ላይ ረጅም ሰዓት ማንበብን መልመድ የቅንጦት ነገር መሆኑ ቀርቷል። በስልክ ማንበብ ይቻላል፤ ዳሩ ግን አንዱን መስመር ለመጨረስ ገጹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፉ ማምሸት ዓይንንም ሐሳብንም ያደክማል።

ጉዳዩን በደፈናው ከመናገር ይልቅ ሁለት የታወቁ ታብሌቶችን አንሥቼ ላነጻጽር። ሁለቱም የሳምሰንግ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። አንደኛው ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ ሲሆን፣ በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ ዋጋው 220 ዶላር ያህል ነበር። ሁለተኛው ጋላክሲ ታብ ኤስ9 ኤፍ ኢ ሲሆን፣ በዚያው ገበያ በ450 ዶላር ያህል ወጥቷል። እንግዲህ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ያስከፍላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ተተኪዎች ቢወጡም፣ በዝቅተኛውና በመካከለኛው መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። ዋጋውን በብር ያልተናገርሁት በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሲጨመር ዛሬ በብር የምናገረው ቁጥር ነገ ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው የስክሪኑ ስፋት ነው እላለሁ። ሻጮች ስለ ካሜራው ብዙ ያወራሉ፤ እኛን የሚያነብልን ግን ካሜራው አይደለም። የኤ አራት ወረቀት ስፋቱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው ሁለቱ ታብሌቶች 11 ኢንች ያህል ስለ ሆኑ፣ ቀጥ አድርገው ሲይዟቸው ስፋታቸው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በ12 ነጥብ የታተመ ፊደል ወደ 8 ነጥብ ተኩል ያህል ያንሳል፤ ይህም ደኅና ሆኖ የሚነበብ ነው። ከእነርሱ የሚያንስና የሚረክስ ጋላክሲ ታብ ኤ9 የሚባል ታናሽ ወንድም አላቸው፤ እርሱ 8.7 ኢንች ነው። በእርሱ ላይ ያው ገጽ 11 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መግባት ስላለበት፣ 12 ነጥብ የነበረው ፊደል ወደ 6 ነጥብ ተኩል ይወርዳል። ለላቲን ፊደል ይህ አስቸጋሪ ከሆነ ለእኛ ፊደል እጅግ የባሰ ነው። በ ከ ቡ፣ ለ ከ ሉ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ስለ ሆነ፣ ያች ጭረት ከጠፋች ቃሉም አብሮ ይጠፋል። የሒሳብና የኬሚስትሪ ተማሪዎችም ከፊደል ግርጌ የሚጻፉትን ትንንሽ ቁጥሮች አስቡ።

ከስፋቱ ቀጥሎ የስክሪኑ ጥራት ይመጣል። ስክሪን የሚሠራው ከትንንሽ ነጥቦች ነው። ትንሹ ታብሌት በስፋቱ 800 ነጥብ አለው፤ ኤ9 ፕላስ 1200 አለው፤ ኤስ9 ኤፍ ኢ ደግሞ 1440 አለው። ሒሳቡን ሠርቼ እንደ ተመለከትሁት፣ አንድ ሙሉ ገጽ ሲከፈት ለአንድ 12 ነጥብ ፊደል ቁመት በመጀመሪያው 16፣ በሁለተኛው 24፣ በሦስተኛው 29 ነጥቦች ይደርሱታል። ከ16 ወደ 24 መውጣት በማንበብና ባለማንበብ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከ24 ወደ 29 መውጣት ግን ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ጭማሪ እንጂ የግድ የሚያስፈልግ አይደለም። እንግዲህ በንባብ ረገድ ትልቁ ልዩነት ያለው በዝቅተኛውና በመካከለኛው መካከል ሳይሆን በትንሹና በትልቁ ስክሪን መካከል መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሦስተኛው የሜሞሪ ነገር ነው። የኤ9 ፕላስ መነሻ ራም 4 ጊጋ ባይት ሲሆን የኤስ9 ኤፍ ኢ መነሻ 6 ነው። ይህ በሥራ ላይ ሲተረጐም እንዲህ ነው፤ አንድ ተማሪ በፎቶግራፍ የተነሣ ወፍራም መጽሐፍ ከፍቶ፣ ከዚያ ወደ መዝገበ ቃላት ሄዶ፣ ከዚያም ኢንተርኔት ከፍቶ ወደ መጽሐፉ ሲመለስ፣ ራሙ ያነሰው ታብሌት መጽሐፉን ዘግቶት ሊቆይና እንደ ገና ሊከፍተው ይችላል። ትዕግሥት ላለው ሰው የሚቻል ነው። ጽሑፍ ማስቀመጫውን በተመለከተ ግን አትጨነቁ፤ ሁለቱም የሜሞሪ ካርድ ይቀበላሉ።

አራተኛው ብዕሩ ነው፤ እኔ እንደ ማምነው እውነተኛው መለያ ይህ ነው። ኤስ9 ኤፍ ኢ ከብዕሩ ጋር ይሸጣል፤ በስክሪኑ ላይ እንደ ወረቀት ይጻፍበታል፤ በመምህሩ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ ማስታወሻ ይያዝበታል። ኤ9 ፕላስ ይህን ብዕር አይቀበልም። የምሕንድስና ተማሪ ሥዕልና ስሌት በእጁ እየሠራ ዓመታት የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ብዕሩ የሥራ መሣሪያው ነው። የሕግ፣ የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን ማስታወሻውን በደብተር ቢይዝ ምን ይጐድልበታል? ደብተርና እስክሪብቶ በየሱቁ አለ። ለማይጽፍበት ብዕር 230 ዶላር መጨመር ጫማ ለሌለው ሰው ካልሲ እንደ መግዛት ነው።

አምስተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። የኤ9 ፕላስ ባትሪ 7040፣ የኤስ9 ኤፍ ኢ ባትሪ 8000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ በዚህ ብዙ አይራራቁም። የሚራራቁት ቻርጅ በመቀበል ፍጥነት ነው፤ የመጀመሪያው እስከ 15 ዋት፣ ሁለተኛው እስከ 45 ዋት ይቀበላል። መብራት ለጥቂት ጊዜ መጥቶ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነገር ግን 45 ዋት የሚሰጠው ቻርጀር ለብቻው የሚገዛ መሆኑን በሒሳባችሁ ውስጥ አግቡ። ሲም ካርድ የሚቀበል ዓይነት ለማግኘት ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ግን አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ከስልካችሁ ኢንተርኔት ማካፈል ይቻላልና።

አሁን የመካከለኛው ታብሌት ጠበቃ ተነሥቶ፣ «ዋጋን በአንድ ቀን አትቍጠር፤ በዓመት ቍጠር» ሊለኝ ይችላል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ዝቅተኛው ሦስት ዓመት፣ መካከለኛው አምስት ዓመት ያገለግላል ብንል፣ የመጀመሪያው በዓመት 73 ዶላር፣ ሁለተኛው 90 ዶላር ይሆናል፤ ልዩነቱም በዓመት 17 ዶላር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት አንድ ነገር ረስቷል። ታብሌቱ አምስት ዓመት የሚያገለግለው ካልተሰረቀና ካልተሰበረ ነው። በአንድ ዶርም ብዙ ሆነን እንደምንኖር፣ አልጋ በአልጋ ላይ ተደራርቦ እንደምንተኛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መካከለኛው ውሃ የማያስገባ ሆኖ ተሠርቷል፤ ከሌባ እጅ ግን አያስጥልም። የጠፋ እንደ ሆነ 450 ዶላር ያጣው ሰው ዳግመኛ ለመግዛት ሌላ በግ የለውም። ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ጊዜ ብቻ ሊገዛለት የሚችል ተማሪ፣ ቢጠፋበት ሊቋቋመው ከሚችለው ዋጋ በላይ እንዳይወጣ እመክራለሁ።

በሌላ ወገን ደግሞ፣ «እንግዲያማ ከሁሉ የረከሰውን እንግዛ» የሚል ይመጣል። ከዚህ ግን በብርቱ አስጠነቅቃችኋለሁ። በገበያችን ስማቸው የማይታወቅ፣ በካርቶናቸው ላይ 512 ጊጋ ባይት የተጻፈባቸው፣ ዋጋቸው ግን የሚያስገርም ታብሌቶች ይታያሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በውስጣቸው የያዙት በላያቸው ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህም የከፋው፣ በሴቲንግ ውስጥ የሚታየው ቁጥር ራሱ ሊዋሽ መቻሉ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከገንዘቡ በፊት ብዙ ጊጋ ባይት የሚሆን ፋይል ገልብጡበትና መጨረሻ የገባውን ክፈቱት። ካልተከፈተ ተነሥታችሁ ሂዱ። የሞዴሉ ቁጥር በካርቶኑና በሴቲንጉ አንድ መሆኑን አስተያዩ። ከወጣ ስንት ዓመት እንደ ሆነውም ጠይቁ፤ አምራቹ አፕዴት የሚሰጥበት ዘመን የሚቈጠረው ታብሌቱ ከወጣበት ጊዜ እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። ያገለገለ መካከለኛ ታብሌት ለመግዛት የሚያስብም ይህንኑ ይጠይቅ፤ በተጨማሪም ባትሪው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየተነበበበት እንዴት እንደሚወርድ ተቀምጦ ይመልከት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ተብሏልና።

እንግዲህ ሐሳቤን ላጠቃልል። ለአብዛኞቻችን የሚበቃው፣ ስሙ የታወቀ አምራች የሠራው፣ ስክሪኑ ከ10 ኢንች የማያንስ፣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ታብሌት ነው። መካከለኛው የሚገባው በስክሪኑ ላይ በእጁ እየጻፈ ለሚማርና ገና ብዙ የትምህርት ዓመታት ለቀሩት ነው። ትንሹና ርካሹ ለመዝናኛ ይሁን እንጂ ለንባብ ለማንም አልመክረውም፤ ፎርጅዱማ ለማንም አይሆንም።

ለማኅበራችንም አንድ አሳብ አቀርባለሁ። አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ይወሰንና፣ ታብሌት ያላችሁ ነባር ተማሪዎች ይዛችሁ ኑ። ያው አንድ የአማርኛ ገጽና አንድ የሒሳብ ገጽ በእያንዳንዱ ላይ ይከፈት፤ አዲሱ ተማሪም በገዛ ዓይኑ አንብቦ ይፍረድ። ይህ ለማኅበሩ ምንም ወጪ የለውም። ለአንድ የገበሬ ልጅ ግን ቤተሰቡ የሸጠው በግ በከንቱ እንዳይቀር ሊያደርግለት ይችላል። መምህሮቻችንም የምትልኩልንን ጽሑፍ በተቻለ መጠን በፎቶግራፍ ሳይሆን በተጻፈ ፊደል ብትልኩልን፣ ርካሹም ታብሌት ውድ ይሆንልናል።

ተቃውሞ ያላችሁ ደግሞ ተነሡ፤ መድረኩ የእናንተ ነው።