የስልክ የአገልግሎት ዘመን
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ የተሰጠኝ ርእስ «አንድሮይድ ወይስ አይፎን?» የሚል ነበር። ርእሱ ለሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከመካከላችን ዘመድ ወይም ጎረቤት «የትኛውን ስልክ ልግዛ?» ብሎ ያልጠየቀው ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። የምንጠየቀውም የኮምፒዩተር ሊቃውንት ስለሆንን ሳይሆን፣ ገንዘብ ከባከነ በኋላ ከመቆጨት ሳይባክን ማስላት ያውቃሉ ተብለን ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የማቀርበው በዚያው በለመድነው በሒሳብ መዝገብ ቋንቋ ይሆናል።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሸቀጣ ሸቀጥ የምትነግደው ታላቅ እኅቴ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔም ዋጋን ከዋጋ ብቻ አነጻጽሬ፣ መልኩ ያማረ፣ ካሜራው የጠራ፣ ያገለገለ ስልክ በርካሽ አስገዛኋት። ሁለት ዓመት ያህል ተገለገለችበት። አንድ ቀን ማለዳ ግን ከደንበኞቿ ገንዘብ የምትቀበልበት መተግበሪያ የስልኩ ሥርዓት አሮጌ መሆኑን ገልጾ አልከፈትም አለ። ገዢዎች ቆመው ይጠብቃሉ፤ የአከፋፋዩም ሒሳብ በዚያው ቀን መከፈል ነበረበት። እኅቴ ስልኩን ይዛ ከቢሮዬ ድረስ መጣችና «መስተዋቱ አልተሰነጠቀ፣ ባትሪው አልደከመ፤ አንተ ሒሳብ አዋቂው፣ ታዲያ ይህ ስልክ ምን ሆነ ትለኛለህ?» አለችኝ። ያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ሥርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው፣ የስልኩን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያዝና መተግበሪያዎች ሁሉ የሚቆሙበት መሠረት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አፕል አይፎንን በ2007 ለገበያ አቀረበ። ጉግል ደግሞ አንድሮይድን የጀመረውን አነስተኛ ኩባንያ በ2005 ገዝቶ ሥራውን ከቀጠለ በኋላ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በ2008 ተሸጠ። በዚያ ዘመን የነበሩት ሌሎች ተፎካካሪዎች አንድ በአንድ ከሜዳው ወጥተዋል። የኖኪያው ሲምቢያን ቀረ፤ የማይክሮሶፍት የስልክ ሥርዓት ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ ድጋፍ አጣ፤ ብላክቤሪም ለቀድሞ ስልኮቹ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት በ2022 መጀመሪያ ላይ አቆመ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ስልኮች ተሰብረው አልነበረም። የቀረው ከኋላቸው ሆኖ የሚጠግናቸው እጅ ነው። የእኅቴም ስልክ የደረሰበት ይኸው ነው።

እኛ በመዝገባችን ለአንድ ተሽከርካሪ ወይም ለአንድ ማሽን የእርጅና ቅናሽ ስናሰላ አስቀድመን የአገልግሎት ዘመኑን እንወስናለን። ስልክም እንዲሁ የአገልግሎት ዘመን አለው። ልዩነቱ ይህን ዘመን የሚወስነው የመስተዋቱ ወይም የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዋናው ወሳኝ ሠሪው ኩባንያ የደኅንነት ማሻሻያ የሚልክበት ጊዜ ነው። ማሻሻያው ሲቋረጥ ስልኩ ወዲያው አይሞትም፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ለአዲሶቹ ስልኮች ጥገና ሲደረግ ቀዳዳው የት እንደነበረ ለሌባውም ይታወቃል፤ ያልተጠገነው አሮጌ ስልክ በሩን ከፍቶ ይቀራል። ሁለተኛ፣ መተግበሪያዎች አሮጌውን ሥርዓት ትተው ይሄዳሉ። ለምሳሌ ዋትስአፕ በ2025 ከ15.1 በታች የሆነውን የአይፎን ሥርዓት መደገፍ በማቆሙ በ2014 የወጣው አይፎን 6 ከአገልግሎቱ ውጪ ሆኗል።

በዚህ መመዘኛ ሁለቱን ወገኖች እንመልከት። አፕል ስልኩንም ሥርዓቱንም የሚሠራው ራሱ ነው። ማሻሻያ ሲያዘጋጅ ከማንም ፈቃድ ሳይጠብቅ በአንድ ቀን ለሁሉም ይልካል። በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ የደኅንነት ጥገና በጥር 2023 ጭምር ደርሶታል። በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስአር ደግሞ በየዓመቱ የሚወጣውን አዲስ ሥርዓት ሲቀበል ኖሮ የ2025ቱ ቀርቶበታል።

የአንድሮይድ መንገድ ረዘም ይላል። መሠረቱን ጉግል ይሠራል፤ የስልኩን ዋና ቺፕ የሚያመርተው ኩባንያ ከቺፑ ጋር ያስማማዋል፤ ከዚያም ሳምሰንግ፣ ቴክኖ፣ ሻዎሚና ሌሎችም የየራሳቸውን መልክ ሰጥተው ለገዢው ያደርሱታል። ማሻሻያው በሦስት እጅ ያልፋል ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ «ይህ ሞዴል ከእንግዲህ አያዋጣኝም» ካለ የስልኩ ዘመን እዚያ ላይ ያበቃል። ነገር ግን ይህንኑ አሠራር መውቀስ ብቻ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ልዩ ልዩ ኩባንያዎች በአንድ መሠረት ላይ ተወዳድረው በመሥራታቸው ነው ስማርት ስልክ በአነስተኛ ገቢ የሚተዳደረው ሰው እጅ የገባው። ከዚህም ሌላ ጉግል በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ግን የሚያገኙት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንግባ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሰው ሰባት ዓመት ያለፈውን አይፎን በ30,000 ብር ቢገዛና ቀሪ ዘመኑ አንድ ዓመት ቢሆን፣ የዓመቱ ወጪ 30,000 ብር ነው። በ20,000 ብር አዲስ አንድሮይድ ገዝቶ አራት ዓመት ማሻሻያ ቢያገኝ ግን የዓመቱ ወጪ 5,000 ብር ይሆናል። በተቃራኒው፣ የሁለት ዓመት ዘመን ብቻ የቀረው የ20,000 ብር አንድሮይድ በዓመት 10,000 ብር ሲያስወጣ፣ ስድስት ዓመት የቀረው የ48,000 ብር አይፎን የሚያስወጣው 8,000 ብር ነው። አይፎኑ ሲሸጥ የሚያወጣው ቀሪ ዋጋም ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። ከዚህ የምንረዳው አሸናፊው የሥርዓቱ ስም ሳይሆን ቀሪ ዘመኑ መሆኑን ነው። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ዘመኑ የሚቆጠረው እኛ ከገዛንበት ቀን ሳይሆን ሞዴሉ መጀመሪያ ለገበያ ከወጣበት ቀን ነው። እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነበር። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆንኩ።

ከዘመን ቀጥሎ ሊታዩ የሚገባቸው ሦስት ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 ነው። አንድሮይድ በሌሎች ሰዎች የተሠራ የቁልፍ ሰሌዳ እንዲጫንበት በ2009 ሲፈቅድ፣ አፕል ይህን የፈቀደው በ2014 ነው። ዛሬ በሁለቱም ላይ በአማርኛ መጻፍ ስለሚቻል በዚህ ረገድ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ቁልፍና በር ነው። አፕል ከ2013፣ አንድሮይድ ከ2015 ጀምሮ የተሰረቀ ስልክ በባለቤቱ የይለፍ ቃል ካልሆነ እንዳይከፈት አድርገዋል። ዘዴው መልካም ነው፤ ሆኖም ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ዘመድ የላከው ስልክ የላኪው መለያ ሳይወጣለት ከደረሰ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ላኪው ከመላኩ በፊት፣ ገዢውም ከመክፈሉ በፊት ይህን ያረጋግጥ። በሌላ በኩል አንድሮይድ ከመደብሩ ውጪ የመጣ መተግበሪያ ይቀበላል። ይህ ነጻነት የሚጠቅምበት ጊዜ ቢኖርም፣ ወዳጅ በቴሌግራም የላከውን ፋይል ሳይመረምሩ መጫን ለማያውቁት ሰው የቤትን ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

ሦስተኛው ታብሌት ነው። አይፓድ በ2010 ወጥቶ ከ2019 ጀምሮ የራሱ ስም ያለው ሥርዓት ይዟል። ማሻሻያውም እንደ አይፎን ረጅም ነው። ነገር ግን የተሠራው በአንድ ባለቤት እጅ እንዲያዝ ነው። የአንድሮይድ ታብሌት ከ2012 ጀምሮ ለየተጠቃሚው የተለየ ክፍል መስጠት ይችላል። አንድ ታብሌት አባትም ልጆችም በሚጋሩበት ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባሎች፣

ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳ በ2023 በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ባንኮቻችንም አገልግሎታቸውን ወደ ስልክ ካመጡ በኋላ፣ ስልክ የወሬ ማስተላለፊያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ሣጥን ሆኗል። እኛ በየመሥሪያ ቤታችን ያለ ቁልፍ የተቀመጠ የገንዘብ ሣጥን ብናገኝ ዝም ብለን አናልፍም። ማሻሻያው የተቋረጠ ስልክም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ስለሆነም ነገ ዘመድ መጥቶ ሲጠይቀን፣ የስልኩን ስም ከመጥራታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እናስቀድም። ሞዴሉ በየትኛው ዓመት ወጣ? ሠሪው እስከ የትኛው ዓመት ማሻሻያ እልካለሁ ብሏል? ዋጋው ለቀሪዎቹ ዓመታት ሲካፈል ስንት ይደርሳል? መልሱ አንዳንዴ አይፎን፣ አንዳንዴም አንድሮይድ ይሆናል። መልሱ ሳይታወቅ ግን ምክር መስጠት የሙያችን ወግ አይደለም።

እኅቴ በመጨረሻ የገዛችው የአራት ዓመት ማሻሻያ ቃል የተገባለት አዲስ አንድሮይድ ነው። ይህን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ ብዙ አልተናገረችም። የዱቤ መዝገቧን አውጥታ፣ ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስልኩ የተገዛበትን ቀን፣ ዋጋውንና ዘመኑ የሚያልቅበትን ዓመት ጻፈች። ከኔ የተሻለች ሒሳብ ያዥ ሆና ያገኘኋት በዚያን ቀን ነው።