የአገር መሪዎችና ወጣቶች፤ ከጅቡቲ ከተማ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት



የአንድ አገር የወደፊት ዕድል በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ ይነሣል። ከፊሉ ሰው በመሪዎች እጅ ነው ይላል፤ መንገዱን የሚቀይሱ፣ ውሉን የሚፈርሙ፣ ገንዘቡን የሚመድቡ እነርሱ ናቸውና። ከፊሉም በወጣቶች እጅ ነው ይላል፤ ዛሬ በታቀደው ነገር ነገ የሚኖሩበት እነርሱ ናቸውና። ሁለቱም አነጋገር እውነት አለበት፤ ሁለቱም ግን ለየብቻው ጐደሎ ነው። መሪ ያቀደውን የሚሠራ የተማረ ወጣት ከሌለ ዕቅዱ በባዕድ እጅ ይፈጸማል። ወጣት የሚመኘውን የሚሰማ መሪ ከሌለም ምኞቱ የአደባባይ ጩኸት ሆኖ ይቀራል፤ አልፎም ደም ያፈሳል። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ ትምህርት ቤት ነው። የዚህም ንግግር ዓላማ ይህን በአንዲት ከተማ ታሪክ ማስረዳት ነው። ከተማይቱም ጅቡቲ ናት። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጅቡቲ ስለ ምን ተመረጠች ቢባል ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በስም የሚያውቃት የባሕር በር ናት፤ በ1998 ከተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ እጅግ የሚበዛው ክፍል የሚያልፈው በርሷ ነው። ሁለተኛ፣ ከተማይቱ የተቈረቈረችው በ1888 ስለ ሆነ ታሪኳ አጭር ነው፤ መሪዎች ያቀዱት ምን ፍሬ እንዳፈራ፣ ወጣቶችም የጠየቁት ምን እንዳስገኘ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ በግልጽ ይታያል።

የታሪኩ መነሻ የምድር ባቡር ነው። በ1894 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት በ1913 ስለ ሆነ ባቡሩ መናገሻ ከተማቸው ሲገባ አላዩም። ከፈቃዱ እስከ ፍጻሜው 23 ዓመታት አለፉ። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ መሪ የሚሠራው ሥራ ከራሱ ዕድሜ በላይ ሊሄድ እንደሚገባው ነው።

ነገር ግን ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ድንጋዩን የፈለጡት፣ ብረቱንም የተሸከሙት በብዛት የዚሁ ምድር ልጆች ሲሆኑ፣ ገንዘቡ፣ የምሕንድስናው ዕውቀትና አስተዳደሩ ከውጭ የመጣ ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት በወደቀ ጊዜም የሥራው ዕጣ የተወሰነው በባዕዳን መንግሥታትና ባለገንዘቦች ክርክር ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሐሳብ ትልቅ ነበር፤ ሐሳቡን የሚረከብ የተማረ ትውልድ ግን ገና አልተዘጋጀም ነበር። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ይህን ሳይረዱት አልቀሩም፤ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት በ1908 ተከፍቷልና።

ይህን ጕድለት ከሁሉ ይልቅ በጥልቅ ያዩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በአውሮፓ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የምድር ባቡሩን ጉዳይ የሚቈጣጠሩ ሹም፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ፤ ስለዚህ በጅቡቲ በኩል የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በዓይናቸው አይተዋል። ያስተዋሉትም፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ድካሙን በርካሽ እየሸጠ እንደሚደኸይ ነው። በ1919 ገና በጕልማሳነታቸው ሞቱ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከዕረፍታቸው በኋላ በ1924 ነው። አንድ ወጣት ሹም በአጭር ዕድሜው ለመሪዎች ምክር ሊተው እንደሚችል የእርሳቸው ሕይወት ምስክር ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የነጻነት ጥያቄ ነው። ጅቡቲ በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1958፣ ሕዝቡ ከፈረንሳይ ጋር ለመኖር ወይም ለመለየት ድምፅ እንዲሰጥ ተጠየቀ። በዚያን ጊዜ የአስተዳደሩ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ማሕሙድ ሐርቢ ለነጻነት ተከራከሩ። ድምፁ ሲቈጠር ከመቶ 75 ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር መኖርን መረጠ፤ ሐርቢም ሥልጣናቸውን አጥተው ወደ ስደት ሄዱ፤ በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በዚያው ሕዝበ ውሳኔ ከፈረንሳይ ጋር መኖርን ከደገፉት መካከል አንዱ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን እንደ ነበሩ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ስምንት ዓመታት አለፉ። ኦገስት 25 ቀን 1966 ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲ በገቡ ጊዜ ነጻነትን የሚጠይቅ ጽሑፍ ያነገቡ ሰልፈኞች ተቀበሏቸው፤ ከእነርሱም መካከል ወጣቶች ብዙ ነበሩ። በማግሥቱ በአደባባይ ሊደረግ የታሰበው ንግግር በሁከቱ ምክንያት ቀርቶ በምክር ቤት አዳራሽ ተደረገ። በግጭቱ የሞቱም የቈሰሉም ነበሩ። ማርች 19 ቀን 1967 ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከመቶ 60 ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር መኖርን እንደ መረጠ ተነገረ። ከተማይቱም በእሾህ ሽቦ አጥር ተከበበች፤ የመግቢያ ወረቀት የሌለው ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ከአጥሩ ወዲያ ጎጆውን በቈርቈሮና በአሮጌ እንጨት የቀለሰው ሕዝብ የሠፈረበት ቦታ ባልባላ ይባላል።

አጥር ሰውን ያግድ ይሆናል፤ ጥያቄን ግን አያግድም። ከዐሥር ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ እንደ ገና ቀረበ፤ ሜይ 8 ቀን 1977 እጅግ የሚበዛው ድምፅ ለነጻነት ተሰጠ፤ ጁን 27 ቀን 1977 የጅቡቲ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። የአዲሱ መንግሥት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ ነበሩ፤ በ1958 ከፈረንሳይ ጋር መኖርን የደገፉት እኒያው ሰው በ1970ዎቹ ዓመታት የነጻነቱን ማኅበር ይመሩ ነበር። ይህን እንደ ወላዋይነት የሚቈጥር ሰው አይታጣም። ይሁን እንጂ መሪ የሕዝቡን፣ ይልቁንም የወጣቱን ልብ ሰምቶ ሐሳቡን ሲለውጥ ሊያፍርበት አይገባም፤ የሚያሳፍረውስ ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ነው። ለነጻነት ቀድሞ የጮኸው ወጣት ባይኖር ኖሮ መሪው የሚከተለው መንገድ ባልታየው ነበር፤ ድርድሩን የሚያውቅ መሪ ባይገኝም ኖሮ ጩኸቱ ወደ መንግሥትነት ባልደረሰ ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ሰንደቅ ዓላማ በአንድ ቀን ይሰቀላል፤ ሐኪም፣ መሐንዲስና መምህር ግን በአንድ ቀን አይገኝም። ነጻነት በመጣ ጊዜ በከፍተኛ ትምህርት የሠለጠኑ የአገሩ ልጆች በጣም ጥቂት ነበሩ። ሕፃኑ በቤቱ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ እየተናገረ ያድጋል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ግን ፈረንሳይኛ ነው። ትምህርቱን ከመጀመሩ አስቀድሞ ቋንቋውን መሻገር ነበረበት ማለት ነው። ይህ ሸክም ምን ያህል እንደሆነ መምህራን ያለ ሌላ አስረጂ ያውቁታል።

በ1991 ደግሞ በሰሜኑ ክፍል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በአስተዳደሩ ተካፋይ አልሆንም ብሎ ያዘነው ወገን፣ በተለይም የአፋር ወጣት፣ ጠመንጃ አነሣ። የመጀመሪያው ስምምነት በዲሴምበር 1994፣ የመጨረሻው በሜይ 2001 ተፈረመ። በመጨረሻው ስምምነት የተዋጊዎቹ ወገን መሪ አሕመድ ዲኒ ነበሩ፤ እርሳቸውም የነጻዪቱ ጅቡቲ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። በአንድነት መንግሥት ያቆሙ ሰዎች እስኪዋጉ ድረስ ከተራራቁ በኋላ ተመልሰው መታረቃቸው ለወጣት የሚነገር ታላቅ ትምህርት ነው። ሆኖም ዕርቁ ከመድረሱ አስቀድሞ ያለፈው የወጣት ዕድሜ አይመለስም።

ሰላም መውረድ ሲጀምር የተወሰደው እርምጃ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በዲሴምበር 1999 ስለ ትምህርት የሚመክር አገር አቀፍ ጉባኤ ተደረገ፤ በ2000 የወጣው የትምህርት ሕግ ከ6 እስከ 16 ዓመት ላለው ልጅ ሁሉ ትምህርትን ግዴታ አደረገ። በዚያው ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል ተቋቋመ፤ በ2006 የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚያ በፊት ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ሊማር የሚሻ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ባሕር መሻገር ነበረበት።

የዚህ ዘር ፍሬ በአዲሱ የምድር ባቡር ላይ ታየ። በጃንዋሪ 2017 ናጋድ በተባለው የጅቡቲ ጣቢያ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በተመረቀ ጊዜ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ሐዲድ የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሥራውንም የሚያስኬዱት የቻይና ባለሙያዎች ነበሩ። የአፄ ምኒልክ ዘመን ነገር የተደገመ ይመስል ነበር። አሁን ግን አንድ ልዩነት ነበረ፤ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ወጣቶች አብረው እንዲሠለጥኑ ታቅዷል። በማርች 2019 በጅቡቲ ከተማ በኢንዱስትሪና ንግድ ትምህርት ቤት ውስጥ የምድር ባቡር ሙያ የሚማሩበት «ሉባን» የተባለ የሥልጠና ክፍል ተከፈተ። በ2024 የባቡሩ አስተዳደር ለሁለቱ አገሮች ኩባንያ ተላለፈ። በጥንቱ ሐዲድ ላይ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት የፈጀው ርክክብ በአዲሱ ላይ በ7 ዓመት ገደማ ተፈጸመ። እንደዚሁም በ2023 ወደ ጠፈር የተላከችውን የጅቡቲን የመጀመሪያ ሳተላይት ሠርተው ያዘጋጁት በሞንፔሊዬ የሠለጠኑ የአገሩ ወጣት መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ይገኛል?

ከመሪዎች የሚፈለገው፣ ማንኛውም ትልቅ ሥራ ሲታቀድ ከሥራው ጋር የሚረከበው ወጣት አብሮ እንዲታቀድ ማድረግ ነው። ወደብ ሲሠራ የወደብ ትምህርት ቤት፣ ሐዲድ ሲዘረጋ የሐዲድ ትምህርት ቤት በዚያው ውል ውስጥ መጻፍ አለበት። ጅቡቲ ከወደቧና የውጭ ጦር ሠፈሮች ከሚከፍሉት ኪራይ ገቢ ታገኛለች፤ ነገር ግን የዛሬ ወደብ በመኪና ኃይል ስለሚሠራ ብዙ እጅ አይቀጥርም፤ ተምሮ ሥራ ያጣው ወጣት ቍጥሩ ከፍ ያለ ነው። የተገኘው ገንዘብ በዕውቀትና በሥራ መልክ ወደ ወጣቱ ካልተመለሰ በመርከቡ ብዛት መኵራት ዋጋ የለውም። ደግሞም ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለውን ተረት መሪዎች ጠንቀቅ ብለው ሊያስቡበት ይገባል። ልጅ ያቦካው ለራት የማይበቃው ማቡካት ያስተማረው ሳይኖር ሲቀር ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ቡሖውን ካልነካ መቼ ሊለምድ ነው?

ከወጣቶች የሚፈለገው ደግሞ፣ ጥያቄያቸውን ከዕውቀት ጋር ማቅረብ ነው። የ1966ቱ ሰልፈኛ አቤቱታ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን መንግሥት ከቆመ በኋላ የሚያስፈልገው መዝገብ ያዥ፣ መካኒክ፣ አዋላጅና ዳኛ ከሰልፍ አይወጣም። ጥያቄ የሚያቀርብ ወጣት መልሱ በተገኘ ቀን ሥራውን ለመያዝ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

በሁለቱ መካከል የሚቆመው መምህር ነው። መምህር ለመሪው ወጣቱ ምን እንደሚያስብ፣ ለወጣቱም መሪው ምን እንደሚከብደው ሊያስረዳ የሚችል ሰው ነው፤ የሁለቱንም ልጆች በአንድ ክፍል ያስተምራልና። የአፋሩን ልጅና የሶማሌውን ልጅ፣ የባለሥልጣኑን ልጅና የወዛደሩን ልጅ በአንድ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ሌላ ሹም የለም። ስለዚህ የመምህሩን ደመወዝና ክብር የሚመለከት ጉዳይ የአንድ ማኅበር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ ድልድዩ የሚጠገንበት ወጪ ነው።

ለመደምደሚያ ወደ ባልባላ መመለስ ይበቃል። ከእሾህ ሽቦው ውጭ የተጣለው ሕዝብ የቀለሰው ያ ሠፈር ዛሬ ሰፊ የከተማ ክፍል ሆኗል። አጥሩም ፈርሷል። ወረቀት የለህም ተብሎ ሰው ከከተማ ይታገድበት በነበረው በዚያ ወገን፣ በባልባላ፣ ዛሬ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቆሟል፤ የታገዱት ሰዎች የልጅ ልጆችም ደብተራቸውን ይዘው ይገቡበታል። ከዚያ ግቢ ወረቀት ይዘው የሚወጡት ልጆች ሥራ ያገኙ ወይም ያጡ እንደ ሆነ የሚወስነው ዛሬ የሚታቀደው ነው። አጥር የሠራው ባለሥልጣን ያሰበው ከተማይቱን ለመጠበቅ ነበር፤ ከተማይቱን በእውነት የሚጠብቃት ግን ያ ትምህርት ቤት ነው።