በርዕስ የመጣ ተመልካች በርዕስ ይሄዳል!

(የቪዲዮ ቻናል ለከፈቱና ሊከፍቱ ላሰቡ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው፤ ለጋዜጣው እንዲመች አሳጥሬዋለሁ።)



“ጋሼ፣ ሰብስክራይበር እንዴት እንደሚበዛ ይንገሩን” ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ። እኔ እንኳ የመጣሁት ከወረቀት ነው። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት ጋዜጦች በአንዱ ሪፖርተር ነበርኩ። ያኔ ጋዜጣ በሚወጣበት ማለዳ የምናየው የአዟሪውን እግር ነበር። ርዕሱ ትኩስ ከሆነ እየጮኸ ይሮጣል፤ ከቀዘቀዘ ተረከዙን እየጎተተ ይሄዳል። አራት ኪሎ ደግሞ አንባቢው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በሳንቲም ተከራይቶ ያነብና ይመልሳል። አንድ ቅጂ ለስንት ሰው! እኛ ግን የምንቆጥረው የተሸጠውን ብቻ ነበር።

ዛሬስ ምን ተለወጠ? አንዱ ልጅ ዋይፋይ ካለበት ያወርድና ቪዲዮውን በዜንደር፣ በቴሌግራም፣ በሚሞሪ ካርድ ለሰፈሩ ሁሉ ያድላል። ያ ሁሉ ተመልካች ዩቲዩብ ላይ አይቆጠርላችሁም። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ቶሎ አትደንግጡ፤ ሲበዛም ቶሎ አትፎክሩ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበር እና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የመታየት ሰዓት ያስፈልጋል። (በአጫጭር ቪዲዮ የሚመጣ ከሆነ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ ነው፤ እሱን ለዘፋኞች እንተወው።) ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሺሁ ሰው ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ገንዘብ ከፍሎ ይገዛዋል። የተገዛ ሰብስክራይበር እኮ ለቀብር እንደተከራዩት አልቃሽ ነው፤ ስሙ አለ፣ ዕንባው የለም። ሰዓቱን ማን ይሙላላችሁ?

እስቲ አብረን እናስላ። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ተመልካች በመጣ ቁጥር አሥር ደቂቃ ከቆየላችሁ 24,000 ጊዜ መታየት ይበቃችኋል። “ተታለልኩ” ብሎ በሃያ ሴኮንድ ከወጣ ግን 720,000 ጊዜ መታየት አለባችሁ! ዩቲዩብም ቢሆን ይህን አውቆ ነው በፈረንጅ 2012 ቪዲዮ የሚመርጥበትን መንገድ ከጠቅታ ብዛት ወደ ታየበት ጊዜ ርዝመት ያዞረው። በቀይ ቀስትና በ“ሰበር ዜና” የተጠራ ሰው ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም ይመዘገባል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት። ቻናሌን በከፈትኩ ሰሞን፣ ስድስት መቶ ሰብስክራይበር ላይ ተቸክለን ሳለን፣ ስደተኞች የጫነች ጀልባ ሰመጠች የሚል ዜና መጣ። በእጃችን የነበረው ከውጭ የዜና ወኪሎች የተተረጎመ አራት መስመር ነው። እኔ ግን ያ የድሮ የአዟሪ እግር ትዝ አለኝና “የሟቾቹ ስም ዝርዝር ታወቀ” ብዬ ለጠፍኩበት። ዝርዝር የሚባል ነገር አልነበረም። ምን አለፋችሁ፣ በአንድ ሌሊት አይተን የማናውቀው ሕዝብ ጎረፈ። ሰብስክራይበሩም ሺህን አለፈ። ልጆቹ ቡና አፈሉ፣ ፈንዲሻ ተበተነ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። ከወሎ ገጠር ነው፤ አንዲት እናት ናቸው። ቁጥሬን ከቪዲዮው ሥር አስነብበው ነው ያገኙት። “ልጄ፣ ስሙን ሳትጠሩት ቪዲዮው አለቀብን። ሦስቴ አስከፈትኩት፤ ምናልባት ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ነው። አንተው ንገረኝ፣ አለበት ወይስ የለበትም?” አሉኝ። ምን ልበል? “እማማ፣ ዝርዝር የለንም” አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው “ታዲያ ለምን አለን አላችሁ?” ብለው ስልኩን ዘጉት። ለዚያ ሦስት ጊዜ መክፈት የፓኬጅ ብር የከፈለው የጎረቤት ልጅ እንደሆነ ነግረውኛል።

ከዚያ ወዲህ የጎረፈው ሕዝብ እንደ ክረምት ጎርፍ አልፎ ሄደ። የሚቀጥለውን ቪዲዮ ያየው ከበፊቱም ያነሰ ሰው ነው።

ያኔ ነው አሠራራችንን የለወጥነው። ርዕሱ ቪዲዮው ውስጥ ያለውን ብቻ ይላል። የመጀመሪያዋ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ዋናው ጉዳይ ይነገራል፤ “ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር፣ ደወሏን ተጫኑ” የሚለው ልመና ወደ መጨረሻ ሄደ። ድምፁን ከምስሉ በላይ እንጠብቃለን፤ ምክንያቱም ተመልካቻችን አድማጭ ነው። ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ሪያድና ዱባይ ደግሞ እህቶቻችን ሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰሙን። ሐሙስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንለቃለን። በዚያ ሰዓት ሪያድ ከእኛ እኩል ናት፣ ዋሽንግተን ገና ከምሳ መልስ ነው። ቀኑን አናዛንፍም። ቀስ ይላል፣ ያሰለቻልም፤ ግን የመጣው ይቆያል። ለአስተያየት እኔው ራሴ እመልሳለሁ፣ ስድቡም ቢሆን።

መቼም መንግሥት የሚባል ነገርም አለ። በየካቲት 2015 ዩቲዩብን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሲዘጉ እገዳው አምስት ወር ያህል ቆየ፤ ቪፒኤን የማያውቀው ተመልካች ጠፋብን፤ የውጭው ባይኖር ቻናሉ ተዘግቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ንም አንብቡት። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ አለበት፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ግን እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ልብ በሉ! ሺህ ስትሞሉ ገንዘቡ ይመጣል፣ አምስት ሺህ ስታልፉ ቅጣቱ ይከብዳል። እኔ አዋጁን አልወደውም፤ “ሐሰት” የሚለውን ቃል ከሳሹ እንዳሻው ሊለጥጠው ይችላል። ግን “ዝርዝር ታወቀ” ብዬ ያልታወቀ ነገር የለጠፍኩ ሰው፣ በየትኛው አፌ ነው የምሟገተው? ገመዱን እኔው ነኛ ያቀበልኩት!

ያንን ቪዲዮ በሳምንቱ አነሳሁት። ከእኛ ገልብጠው የለቀቁት ሁለት ቻናሎች ግን እስከ ዛሬ አላነሱትም። ለአንደኛው ደውዬ ለመንኩት። “ጋሼ፣” አለኝ፣ “እናንተማ ሞልታችኋል፤ እኛ እኮ ገና ሺህ አልደረስንም።”